የአሮጌ አናሎግ ኦሲሎስኮፕ ብልሽት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያ ወደ ጥገናው

አናሎግ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በኤሌክትሮን ጨረር ስክሪን ላይ እንደ ሞገድ የሚስል መሣሪያ) ሲበላሽ ስለ ብልሽቱ ብዙውን ነገር ራሱ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ስለዚህ የብየዳ ብረት ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑን አንብቡ። «ሞቷል» ተብሎ ከተጣለው ውስጥ የተወሰነው ማዞሪያው ያለቦታው በመቀመጡ ብቻ የተጣለ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ቀልድ የለም። ለምሳሌ ቴክትሮኒክስ 465 በተባለው ሞዴል የምስል ቱቦው ካቶድ (ኤሌክትሮን የሚያመነጨው ጫፍ) ላይ ኔጌቲቭ 2,450 ቮልት አለ፤ የአኖዱ (ኤሌክትሮኑን የሚስበው ጫፍ) ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተራ መልቲሜትር የሚችለው እስከ 1,000 ቮልት ስለሆነ እዚህ 1000 ለ1 የሚያካፍል የከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮብ (የመለኪያ ዘንግ) ያስፈልጋል። ከመንካታችሁ በፊት መሣሪያውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ቻርጁን ቮልቴጁን በሚችል 1 ሜጋኦም ገደማ ሬዚስተር ወደ ሻሲው (የመሣሪያው የብረት አካል) አውርዱ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላም ድገሙት። የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላ በራሱ መልሶ ይሞላል።

ምልክት፦ መብራቱ በርቷል፣ ጨረሩ ግን የለም

የብርሃን ማዞሪያውን ከመሃል ትንሽ አሳልፉ፤ የቦታ ማዞሪያዎቹን ሁሉ መሃል ላይ አድርጉ፤ ትሪገሩን (ጨረሩ መሳል መቼ እንደሚጀምር የሚወስነውን) «አውቶ»፣ የግቤት መምረጫውን «ግራውንድ» ላይ አኑሩ። «ኖርማል» ላይ ከሆነ ሲግናል እስካልገባ ድረስ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በተቃራኒው አንድ ደማቅ ነጥብ ብቻ ከታየ ኤክስ-ዋይ (ጨረሩን በጊዜ ፋንታ በሁለት ሲግናሎች የሚያንቀሳቅሰው አሠራር) ተመርጦ እንደሆነ እዩ፤ ብርሃኑንም ቶሎ ቀንሱ፤ የቆመ ነጥብ ፎስፈሩን (የስክሪኑን አብሪ ልባስ) ያቃጥላል።

ቀጥሎ «ቢም ፋይንድ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ጨረሩ ከታየ ከፍተኛ ቮልቴጁም ቱቦውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ማጉያው ጨረሩን ከስክሪኑ ውጪ መግፋቱ ነው። ካልታየ የቱቦውን ማሞቂያ፣ የካቶዱን ቮልቴጅና ጨረሩን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ሰርኪዩት መርምሩ።

ጨረሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተገፋ የቁመት ማጉያው ሁለት ጎኖች ሚዛን ስተዋል። መሣሪያውን አጥፉ፣ ሁለቱን የሲግናል ጎኖች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ አገናኙ፣ ከዚያ አብሩ። ጎን ከጎን ብቻ ነው፤ ከሻሲ ጋር ካገናኛችሁ ትራንዚስተር ታቃጥላላችሁ። ከቱቦው ጀምራችሁ ወደ ግቤቱ አንድ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ውጤቱ ላይ ሲገናኝ ጨረሩ ወደ መሃል የሚመጣበት፣ ግቤቱ ላይ ሲገናኝ ግን የማይመጣበት ደረጃ የተበላሸው እሱ ነው። ትራንዚስተሮችን በጅምላ ከመቀየር ይህ ዘዴ እጅግ ይሻላል።

ምልክት፦ ፊውዝ ይቆርጣል፣ ወይም ምንም አይበራም

ሁሉንም የኃይል መስመሮች ሳትለኩ ሌላ ነገር አትንኩ። በ465 እነዚህ +110፣ +55፣ +15፣ +5 እና -8 ቮልት ናቸው። አንዱ ዜሮ አካባቢ ከወደቀ መሣሪያውን አጥፍታችሁ ያንን መስመር በኦም ለኩት፤ ጥቂት ኦም ብቻ ካነበበ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሾርት ያደረገ የታንታለም ካፓሲተር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ራሱ የኃይል ክፍሉ ላይ ሳይሆን መስመሩ በሚደርስባቸው ሌሎች ቦርዶች ላይ ነው። ለማግኘት ከውጭ አቅራቢ 1 ቮልት ያህል፣ ከረንቱን 0.5 አምፔር ላይ ገድባችሁ ስጡትና መስመሩን በሚሊቮልት ተከተሉ፤ ቮልቴጁ ከሁሉ የሚያንስበት ነጥብ ላይ ጥፋተኛውን ታገኛላችሁ። ስትተኩ የመያዝ አቅሙ ያው ይሁን፣ የቮልቴጅ ልኩ ግን ከመስመሩ እጥፍ ይሁን፤ በ15 ቮልት መስመር ላይ ባለ35 ቮልት። ፖላሪቲውን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ የተገለበጠ ታንታለም ይቃጠላል።

ተቆራራጭ «ቲክ፣ ቲክ» ድምፅ ከተሰማ ስዊችንግ (በፍጥነት እየበራና እየጠፋ የሚሠራ) የኃይል አቅራቢው ከልክ በላይ ጭነት አግኝቶ በየጊዜው እየሞከረ ነው፤ ፍለጋው ያው ነው። በትራንስፎርመር ለሚሠሩት 60 ዋት ባለክር አምፖል በተከታታይ ማስገባት ጥሩ መከላከያ ነው። ስዊችንግ ላይ ግን አምፖሉ ራሱ ያሳስታል።

የሚከረፋ ጭስ ከሶኬቱ መግቢያ አካባቢ ከወጣ፣ ሽፋኑ የተሰነጠቀ የወረቀት ካፓሲተር ነው። በዚያው አቅም፣ ኤክስ2 ምልክት (በሁለቱ የመብራት ሽቦዎች መካከል ለሚገባ ካፓሲተር የተሰጠ የደህንነት ደረጃ) ባለው ተኩት። ከመስመር ወደ ኤርዝ የሚሄደው ግን የዋይ ደረጃ ሊሆን ይገባል።

ምልክት፦ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይሞገዳል

ትሪገሩን «ላይን» ላይ፣ ጊዜውን በክፍል (በስክሪኑ አንድ ካሬ) 5 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉ። የመብራት መስመሩ 50 ኸርዝ ሲሆን ሞገዱ በየ2 ክፍሉ ከተደገመ 100 ኸርዝ ነው፤ የማጣሪያው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ደርቋል። በየ4 ክፍሉ ከተደገመ 50 ኸርዝ ነው፤ ከሬክቲፋየሩ አንድ ዳዮድ ተከፍቷል፣ ወይም ጣልቃ ገቡ ከውጭ ነው። ፕሮቡን ስትነቅሉት ከጠፋ መሣሪያው ደህና ነው።

ምልክት፦ ብርሃን ሲጨመር ምስሉ ያብጣል

ጨረሩ በቀላሉ ወይም በችግር መታጠፉን የሚወስነው አጣዳፊው (ጨረሩን ወደ ስክሪኑ የሚያፈጥነው) ቮልቴጅ ነው። ሲቀንስ ምስሉ በቁመትም በወርድም ይለጠጣል፤ ሲጨምር ይኮሰምናል። ብርሃን ሲጨመር ብቻ የሚያብጥ ከሆነ የቮልቴጅ አባዢው (ከፍተኛ ቮልቴጁን አብዝቶ ለአኖዱ የሚሰጠው ክፍል) ደክሟል፤ በሙጫ ተደፍኖ ስለሚሠራ ሙሉውን መተካት ነው። ምስሉ በሁለቱም አቅጣጫ ካነሰ የከፍተኛ ቮልቴጁን መጠን የሚመልሰውን ትልቅ ሬዚስተር ለኩ፤ ባለብዙ ሜጋኦም ሬዚስተሮች ሲያረጁ ዋጋቸው ይጨምራል። የጊዜ ስህተቱ በአንድ ወይም በሁለት ክልል ብቻ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉት፤ የዚያ ክልል ሬዚስተር ወይም ካፓሲተር ነው።

ምልክት፦ ማዞሪያው ሲነካ ጨረሩ ይዘላል

ኮንታክቱ ቆሽሿል። በአይሶፕሮፒል አልኮል የረጠበ ቀጭን ወረቀት በኮንታክቱ መሃል አስገብታችሁ በቀስታ ሳቡት። አትርጩ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉ፤ የወርቁ ሽፋን ስስ ነው።

ምልክት፦ የካሬው ሞገድ ጠርዝ ክብ ወይም ሹል ነው

መጀመሪያ የፕሮቡን ማስተካከያ በመሣሪያው 1 ኪሎኸርዝ ካሊብሬተር (የካሬ ሞገድ ማመሳከሪያ ውጤት) ላይ አዙሩ። ካልተስተካከለ የፕሮቡ ክልል ከግቤቱ ካፓሲታንስ ጋር መግጠሙን እዩ፤ በ465 ይህ 20 ፒኮፋራድ ያህል ነው።

የቱቦ ዘመኑ የቴክትሮኒክስ 500 ተከታታይ ከሆነ ሽቦዎቹ በሴራሚክ ዘንጎች ላይ የተበየዱ ናቸው። 2 ወይም 3 በመቶ ብር ያለበት ሊድ (የመበየጃ ሽቦ) ብቻ ተጠቀሙ። ተራው ሊድ በሴራሚኩ ላይ የተለበጠውን ብር ያሟሟዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይይዝም። ፋብሪካው ትንሽ ጥቅል የብር ሊድ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ሌላ ከመፈለጋችሁ በፊት ሻሲው ውስጥ እዩ።