ቆጣሪው ለምን ይሮጣል? የመብራት ሂሳብ ለከበዳችሁ የድሬ ሰዎች

የመብራት ሂሳብ ሲያሻቅብ መጀመሪያ የሚወቀሰው አምፖል ነው። ልጆቹ ይጮህባቸዋል፣ የበረንዳው መብራት ይጠፋል፣ ወሩ ሲያልቅ ግን ሂሳቡ ያው ነው። አቦ፣ አምፖሉን ተዉት። ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል 12 ሰዓት ሙሉ ሲበራ ቢያድር የሚበላው፣ ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በሁለት ደቂቃ የሚበላውን ያህል እንኳ አይደለም። ከማጥፋታችሁ በፊት ለኩ።

ለመለካት ደግሞ ብሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ማለትም የተጠቀማችሁትን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ነው የምታዩት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ ቤታችሁ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ ብሩ ብቻ ሊያድግ ይችላል። አከፋፈሉም በእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ይጨምርበታል። ስለዚህ ያለፉትን ወራት ፍጆታ ጎን ለጎን ጻፉ። ግንቦትን ከታኅሣሥ ጋር አታወዳድሩ፣ በድሬ ሙቀት ያ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግንቦትን ካለፈው ዓመት ግንቦት ጋር አስተያዩ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት የቀረውን ቁጥር መዝግቡ። በወር መጨረሻ የምትከፍሉ ደግሞ ሂሳቡ ላይ የተጻፈውን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ የሂሳቡ ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ከምታዩት ከበለጠ፣ ቆጣሪው በትክክል ሳይነበብ ነው የተጻፈው።

ኪሎዋት ሰዓቱ በእርግጥ ከጨመረ ፍተሻው ይጀመራል። ጥሩው ጊዜ ከሰዓት 8 ሰዓት አካባቢ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲያርፍ ነው።

መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ለጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። አንዳንዱ ቆጣሪ ምንም በማይቆጥርበት ጊዜ ሳይቆራረጥ በርቶ ይቆያል፤ ያ ችግር የለውም። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል ወይ ከቆጣሪውና ከብሬከሩ መሃል የተቀጠለ የሌላ ሰው መስመር አለ። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ የኋለኛው ብርቅ አይደለም። ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት ግን መስመሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ፤ ቡና አብሮ የጠጡትን ሰው በግምት መክሰስ ከሂሳቡ በላይ ያስከፍላል።

ቀጥሎ ሶኬት ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፣ አምፖሎቹን አጥፉ፣ ብሬከሩን መልሱ። አሁንም መብራቷ ብልጭ ካለች ሽቦው የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይም የረሳችሁት ነገር አለ። ከዚራና መጋላ ባሉ የቆዩ ቤቶች፣ ሽቦ በሽቦ ላይ ሲቀጠል በኖረበት፣ ይሄን ቸል አትበሉ። ፍሪጅ ወይም ምጣድ ስትነኩ እጃችሁን ነዘር የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ዕቃውን ንቀሉት፣ ባለሙያ ሳያይም አትሰኩት።

ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካችሁ ቁጠሩ። ቆጣሪው ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 ወይም ሌላ። 1600 ከሆነ በአንድ ደቂቃ የቆጠራችሁትን በ37.5 አባዙት፣ ዋቱን ታገኛላችሁ። 1000 ከሆነ በ60 ነው የሚባዛው። በደቂቃ አራት ጊዜ ብልጭ ማለት በባለ 1600 ቆጣሪ 150 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከሄደ በ30 ቀን 108 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቤት የሚያራቁተው እንዲህ ያለው ድምፁን አጥፍቶ የሚበላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፍሪጅ ነው። ድሬ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ቆርቆሮው በሚያግለው ኩሽና ውስጥ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ አንዳንዴም ከምድጃው አጠገብ ነው። ፍሪጅ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት የሚተነፍሰው ከኋላው ወይም ከጎኑ ስለሆነ መተንፈሻ ከሌለው ሞተሩ አያርፍም። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ ከኋላ ያለውን አቧራ ጥረጉ። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ቀዝቃዛው አየር ወጥቶ ሙቁ እየገባ ነው። በረዶው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ አቅልጡት። ሌሊት 11 ሰዓት፣ ከተማው ሲቀዘቅዝ፣ ጆሮ ስጡት፦ በዚያ ሰዓት እንኳ ሞተሩ አንዴም የማያርፍ ከሆነ ጎማውን፣ ቴርሞስታቱን ወይም ጋዙን አስፈትሹ።

ኤሲ ያላችሁ ደግሞ ዋናው በላተኛ እሱ ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ሲሠራ በግምት 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ የጣሪያ ቬንትሌተር ግን ከ60 እስከ 75 ዋት ብቻ ነው። ሪሞቱን 16 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፣ እንዳያርፍ ያደርገዋል እንጂ። 25 ወይም 26 ላይ አድርጋችሁ ቬንትሌተር ጨምሩበት። በአቧራ ወቅት ፊልተሩን በሁለት ሳምንት አንዴ እጠቡ። የመዳብ ቱቦው በረዶ ከሠራ ወይ ፊልተሩ ተደፍኗል ወይ ጋዙ አንሷል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኤሲ ማስገጠም ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብር ማቃጠል ነው፤ መጀመሪያ ኮርኒሱን አሠሩ።

የውኃ ፓምፕ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ሽንት ቤቱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይም ሮቶው ውስጥ ያለችው ኳስ በደንብ ካልዘጋች፣ አውቶማቲኩ ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ይነሳል ይተኛል። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ አድምጡ። ማንም ውኃ ሳይነካ ፓምፑ ከተነሳ የተበላሸው ቧንቧው ነው፤ ጥገናውም ከመብራቱ ሂሳብ ይረክሳል።

ምጣዱን በተመለከተ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ አቅሙ እጅግ ይወርዳል። 220 መሆን የነበረበት 180 ሲሆን ምጣዱ የሚሰጠው ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ቶሎ አይግልም፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ በዚያ መሃል ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ምሽት አትጋግሩ፣ ማለዳ ይሻላል። የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ጨርሱ፤ ምጣዱን ከቅዝቃዜ አንስቶ ማጋሉ ራሱ ወጪ ነው።

የድሬ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ውኃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። አቼቶ በውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት፣ አፍሉት፣ አሳድሩትና እጠቡት። የገላ ውኃ ማሞቂያ ቦይለርማ ድሬ ላይ ለምን እንደሚገጠም አይገባኝም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሮቶ ውኃው ገላ ሊያቃጥል ይደርሳል። 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላችሁ ሐረር የምትኖሩት ይገባችኋል፤ እናንተ ቦይለሩን ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ሲበቃ አጥፉት፣ ቀን ከሌሊት አይቀቀል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ዋናው ብሬከር ጠፍቶም ቆጣሪው የሚቆጥር ከሆነ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ብሬከሩ መጥፋቱም ይታይ፣ የቆጣሪውን ቁጥርና የመዘገባችሁትን ንባብ ይዛችሁ አገልግሎት መስጫው ሂዱና ቆጣሪው እንዲፈተሽ በጽሑፍ አመልክቱ። የማመልከቻውን ቅጂ ማህተም አስደርጋችሁ ያዙ። የቆጣሪውን ማሸጊያ ግን ራሳችሁ እንዳትነኩ፤ ማሸጊያው ተነክቶ ከተገኘ ከሳሽ መሆናችሁ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።