ባለቤቱ ማዕቀብ ያለበትን ኩባንያ እንዴት ትለያላችሁ?

ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር ልትዋዋሉ ነው እንበል። የኩባንያው ስም ማዕቀብ ዝርዝር ላይ ስለሌለ ብቻ እፎይ አትበሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ማዕቀቡ የተጣለው አንድ ባለሥልጣን ወይም የባለሥልጣን የቅርብ ሰው የሆነ ባለሀብት ላይ ሆኖ፣ ኩባንያውን በባለቤትነቱ በኩል ሊይዘው ይችላል።

መጀመሪያ ባለቤቶቹን ከነድርሻቸው ጻፉ። ባለቤቱ ሌላ ኩባንያ ከሆነ የእሱንም ባለቤቶች ፈልጉ፤ ሰው ላይ እስክትደርሱ አታቁሙ። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ ኦፋክ በሚባለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ክፍል፣ በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ ዝርዝሮች ውስጥ ፈትሹ። ሁሉም በነፃ ይታያሉ።

አሁን ደምሩ። በኦፋክ ደንብ ማዕቀብ ያለባቸው ሰዎች አንድ ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከያዙ፣ ኩባንያው ስሙ ባይጠራም በአብዛኛው እንደታገደ ይቆጠራል። አንዱ 30፣ ሌላው 20 ካለው አበቃ። 49 ከሆነስ? በዚህ ስሌት አይታገድም፤ እኔ ግን ይበልጥ የምጠራጠረው ያኔ ነው። ድርሻው መቼ ወረደ? ለማን ተላለፈ? ማዕቀቡ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሚስት ወይም ወደ ልጅ የዞረ አክሲዮን ካያችሁ ቆም በሉ። አውሮፓና እንግሊዝ ደግሞ ከድርሻው ሌላ ማን እንደሚያዝም ያያሉ፤ ሥራ አስኪያጁን የሚሾመውና የሚሽረው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

የሩሳልን ነገር እዩ። እንደ አውሮፓውያኑ ሚያዝያ 2018 አሜሪካ ሩሲያዊው ባለሀብት ኦሌግ ዴሪፓስካ ላይ ማዕቀብ ስትጥል፣ አሉሚኒየም አምራቹ ሩሳልና የበላይ ኩባንያው ኢኤን ፕላስ አብረው ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። የሩሳል አክሲዮን ሆንግ ኮንግ ላይ በአንድ ቀን ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ፣ የአሉሚኒየም ዋጋ ደግሞ ሽቅብ ወጣ። ኩባንያዎቹ በጥር 2019 የወጡት ሰውየው በኢኤን ፕላስ የነበረውን 70 በመቶ ገደማ ድርሻ ወደ 44.95 ካወረደ በኋላ ነው። እሱ ራሱ ግን ዝርዝሩ ላይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ወራት እንቅልፍ ያጣው ምንም ያላጠፋው ሠራተኛ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ባንካችሁን አማክሩ። ዶላር መሃል ላይ በአሜሪካ ባንክ በኩል ካለፈና ከታገደ፣ መልሶ ማግኘቱ ፈቃድ መጠየቅና ረጅም ጥበቃ ነው። ውሉ ላይም ባለቤትነት ሲቀየር ወዲያው እንዲያሳውቋችሁ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ።