አንጸባራቂ የሥራ ልብስ ሲመረጥና ሲያዝ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በመንገድ ሥራ፣ በግንባታ ሳይት፣ በጽዳት ወይም በትራፊክ ቁጥጥር ላይ የተሰማራ ሰው የሚለብሰው ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሰደርያ የተለያየ ተግባር ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት። ደማቁ ጨርቅ በዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ በቀን፣ በተለይም ሰማዩ ሲደምንና ሊነጋጋ ሲል፣ ከአካባቢው ጎልቶ ይታያል። በላዩ የተሰፋው ግራጫ ጥብጣብ ደግሞ በጥቃቅን የመስታወት ቅንጣቶች አማካይነት የመኪናን መብራት ወደመጣበት ይመልሳል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት ጨርቁና ጥብጣቡ አንዱ የሌላውን ተግባር ይሸፍናል ብሎ ከማሰብ ነው።

ከሁሉ የከፋው በሌሊት ሥራ በጨርቁ ቀለም መተማመን ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨርቁን የሚያደምቀው ጨረር ስለማይኖር ቢጫው ከማንኛውም ፈዛዛ ልብስ ብዙም አይለይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 17 ሜትር ስለሚሄድ፣ ሹፌሩ ሠራተኛውን ዘግይቶ ካየው ፍሬን ለመያዝ የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ሌሊት አስፋልት ለሚያነጥፍ ወይም መንገድ ለሚጠርግ ሰው ወሳኙ ጥብጣቡ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚያብለጨልጭን ሁሉ አንጸባራቂ አድርጎ መቀበል ነው። በገበያ ላይ በቀን ብርሃን ብርማ መልክ ያለው፣ በመኪና መብራት ፊት ግን ከተራ ጨርቅ የማይሻል ጥብጣብ አለ። ከመግዛትዎ በፊት ልብሱን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰቅለው ጥቂት እርምጃ ይራቁና የስልክዎን ባትሪ ከዓይንዎ አጠገብ ይዘው ያብሩበት። ትክክለኛው ጥብጣብ ሌሊት እንደሚበራ የድመት ዓይን ፍክት ይላል። ባትሪውን ከዓይን አርቆ መያዝ ግን ፈተናውን ያበላሸዋል፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ ባትሪው እንጂ ወደ ተመልካቹ ስላልሆነ ጥሩውም ጥብጣብ ደብዛዛ ይመስላል።

ደረጃውን ሳያዩ መግዛትም የተለመደ ነው። አይኤስኦ 20471 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ልብሶቹን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ደረጃ 2 ቢያንስ 0.50 ካሬ ሜትር ደማቅ ጨርቅና 0.13 ካሬ ሜትር ጥብጣብ፣ ደረጃ 3 ደግሞ 0.80 እና 0.20 ካሬ ሜትር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ በልብሱ መለያ ላይ ከሰደርያ ምስል ጎን ይጻፋል። እጅጌ የሌለው ሰደርያ ብቻውን ደረጃ 3 ሊሆን አይችልም፤ ጥብጣብ ያለው እጅጌ ወይም ሙሉ ሱሪ ያስፈልጋል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ እጅና እግር ሲንቀሳቀሱ የሚታየው ብርሃን ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ሳይሆን ሰው መሆኑን ለሹፌሩ ይነግረዋል። መኪና በፍጥነት በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ሰደርያ ብቻ መስጠት በእኔ እምነት ተገቢ አይደለም።

ቀለም ሲመረጥም አካባቢውን ማየት ይገባል። በክረምት ሣር በሸፈነው የመንገድ ዳር ወይም ቢጫ ማሽኖች በበዙበት ሳይት ብርቱካንማው የተሻለ ይለያል።

በአለባበስ ረገድ አደገኛው ልማድ ዝናብ ሲመጣ ሰደርያው ላይ ጥቁር የዝናብ ልብስ መደረብ ነው፤ ታይነት እጅግ በሚቀንስበት ሰዓት ልብሱ ጨርሶ ይሸፈናል። ሰደርያውን ከላይ ማድረግ ወይም ራሱ አንጸባራቂ የሆነ የዝናብ ልብስ ማቅረብ ያስፈልጋል። ፊቱን ሳይቆልፉ መልበስ፣ በጀርባ ቦርሳ መሸፈንና የድርጅቱን ስም በትልቁ ማተም የሚታየውን ስፋት ይቀንሳሉ። ከልክ በላይ ሰፊ የሆነውም በሚሽከረከር ማሽን ሊያዝ ይችላል።

ልብሱ ይበልጥ የሚበላሸው በእጥበት ጊዜ ነው። በረኪና የጨርቁን ቀለም ያጠፋል፤ በብሩሽ መፈተግ የመስታወት ቅንጣቶቹን ያረግፋል፤ የጋለ ካውያም ጥብጣቡን ያበላሻል። ቅባትን በቤንዚን ለማስለቀቅ መሞከር ልብሱን ከመጉዳቱም በላይ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ልብሱን ቆልፎና ገልብጦ፣ ቀለም ከሚለቅ ቱታ ለይቶ፣ መለያው ከሚፈቅደው በላይ ባልሞቀ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ጥላ ላይ ማስጣት ይሻላል፤ ጠንካራ ፀሐይ ከጊዜ በኋላ ደማቁን ቀለም ያደበዝዘዋል። ይበላሻል በሚል ፍራቻ አለማጠብም መፍትሔ አይሆንም፤ ጭቃና የሲሚንቶ አቧራ ጨርቁንም ጥብጣቡንም ይሸፍናሉ።

በመለያው ላይ ለምሳሌ 25 ጊዜ እጥበት ተብሎ ከተጻፈ፣ ቁጥሩ የሚመለከተው እጥበትን ብቻ እንጂ በፀሐይና በሥራ የሚደርሰውን ጉዳት አይደለም። ስለዚህ አንድ አዲስ ልብስ በመጋዘን አስቀምጦ፣ ያገለገለውን በየጊዜው አጠገቡ እያደረጉ በቀን በዓይን፣ በጨለማ ደግሞ በባትሪ ማነጻጸር ይገባል፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ መቀየር አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ልብስ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስረዳት ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ በመሆኑ፣ ሠራተኛው የደበዘዘውን ይዞ ለፎርማኑ ቢያመለክት መብቱ ነው። አሮጌው ልብስም ለቀን ሠራተኛ ተላልፎ እንደገና እንዳይለበስ ጥብጣቡን ቆርጦ ማስወገድ ያስፈልጋል።