ስለ በጀትና ታክስ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

በጀት በጸደቀ ቁጥር ድምሩን ብቻ ይዘን እንሮጣለን። የ2017 በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፣ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን። ፒያሳ ቡና ላይ «እጥፍ ሆነ!» የሚል አይጠፋም። ቆይ እንጂ። በ2017 መሐል ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ ስለዚህ የሚነጻጸረው ከ1.55 ትሪሊዮን ጋር ነው። ደግሞ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳው፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው ሁሉ በብር ሲሰላ ያብጣል። ብሩ በጨመረ ልክ ሥራው አይጨምርም።

የገንዘብ ሚኒስቴርንና የብሔራዊ ባንክን ሥራ መደባለቅም አለ። ታክስና ድጎማ የሚኒስቴሩ ነው፣ ወለድ የባንኩ። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ ተበድሮ ሲሞላ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ገበያው ላይም ዋጋ ይነሳል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ታክስ መቀነስን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። 2,000 ብር ደመወዝተኛ ድሮ 157 ብር ከ50 ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን ምንም። ጥሩ ውሳኔ ነው፣ እንዲያውም ዘግይቷል። ያ ብር ግን የሚሄደው ሱቅ ነው፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽንኩርት ይገዛበታል። ፍላጎትን ነው የሚጨምረው። አቅርቦትን ማሳደግ ሌላ ነው፤ መብራት ሳይቆራረጥ መስጠት፣ ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ እንዳይከርም ማድረግ፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የንግድ ፈቃድ ማቅለል። የዱቄት ፋብሪካው ብዙ የሚያመርተው በእነዚህ ነው።

የአቅርቦቱን ሥራ ውጤት ደግሞ ለነገ አትጠብቁ። የሕዳሴ ግድብ መሠረቱ የተጣለው በ2003፣ መጀመሪያ ኃይል ያመነጨው በ2014፣ የተመረቀው ጳጉሜን 2017 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለሲሚንቶና ለደመወዝ ገንዘብ ይወጣል፣ መብራቱ ገና ነው። ወጪው ቀድሞ ዋጋ ይገፋል፣ ምርቱ ኋላ ይደርሳል።

«ታክስ ይቀነስ፣ ገቢው ራሱ ይጨምራል» የሚሉም አሉ። እንግሊዝ ውስጥ የሊዝ ትረስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይናገር የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የታክስ ቅነሳ አወጀ። ፓውንዱ ወደቀ፣ የመንግሥት ብድር ወለድ አሻቀበ፣ እሳቸውም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሥልጣን ለቀቁ። ነገሩ የሚሠራው የታክስ ምጣኔው ከመጠን በላይ ሲከብድ ብቻ ነው። እኛ ጋ ትልቁ ችግር የሚከፍለው ሰው ማነሱ ነው።

ድጎማን እንደ ነጻ ነገር ማየትም ይቅር። ከሐምሌ 2014 ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ፣ ሚኒባሶች በቴሌብር ሲቀዱ የዋጋ ልዩነቱ ይደጎምላቸው ነበር። ነዳጁ አልረከሰም፤ ልዩነቱን የሚሸከም የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ አለ፣ ሲጎድል ዕዳ ነው። እኔ ለሁሉም ከመደጎም ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ መደጎሙ ይሻላል ባይ ነኝ። ጭራሽ ይቅር የሚል ሰው፣ ከሳሪስ ሜክሲኮ የምትመላለስ የጽዳት ሠራተኛ ከደመወዟ ስንቱን ለታክሲ እንደምትከፍል አብሮ ያስላ።