የከሳና የሚደነግጥ ውሻ ክብደት እንዲመለስ ሲረዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ከደጀን ጀምሮ እስከ ጣና ዳር ድረስ በጎጃም ብዙው ግቢ ውሻ አያጣም። ሌሊት ጅብን ከበጎች በረት የሚያርቀው፣ ለእንግዳ ኮቴ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ ምን በልቶ እንደሚጮኽ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር፣ የዳሌው አጥንት የሾለ፣ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር መሬት ላይ የሚለጠፍ ውሻ ሲያጋጥም ርኅሩኅ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ብዙ ምግብ ማቅረብን ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። ይሁንና እንዲህ ያለ ውሻ የከሳው በምግብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በሆዱ ያለው ትል፣ የሚቀርብለት ምግብ ዓይነት፣ የሚበላበት ቦታና ሌሊቱን በሥጋት ማደሩ ተደራርበው ነው ሥጋውን የጨረሱት። ስለዚህ ሆዱንና ፍርሃቱን ለየብቻ ማከም አይቻልም፤ ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶችም አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ሳያስመረምሩ መመገብ መጀመር

የቱንም ያህል ቢመገብ የማይወፍር ውሻ ብዙ ጊዜ ምግቡን ከትሎች ጋር እየተካፈለ ነው። ወስፋት ሆዱን ነፍቶ ጀርባውን ያከሳዋል፤ ደም የሚመጠው የአንጀት ትል ደግሞ ደሙን ያጎድልበታል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱን ማየት ቀላል ምርመራ ነው፤ ጤናማ ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን፣ ነጣ ያለ ድድ የደም ማነስ ምልክት ነው። በጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል የተጣበቁ መዥገሮችም ደም ከመምጠጣቸው ባሻገር በሽታ ያስተላልፋሉ። የተሰበረ ወይም የበሰበሰ ጥርስ ያለበት ውሻ ደግሞ እየራበው እንኳ ከምግቡ ይሸሻል፤ ባለቤቱም ፈርቶ ነው ብሎ ያስባል።

በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክመው ከብት፣ በግና አህያ ስለሆነ ውሻ ይዞ መሄድ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው አሉ፤ ሊያፍሩበት አይገባም። ለባሕር ዳርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። መድኃኒት ሲታዘዝ ግን መጠኑ በውሻው ክብደት መሰላቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለከብት የሚወጋው የአይቨርሜክቲን መድኃኒት በተለመደው የ1 በመቶ ይዘቱ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው፤ ይህ 50 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ የሚበቃ ነው። ለ12 ኪሎ ውሻ በግምት የሚቀዳ ሰው አብዝቶ የመስጠት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ትርፉም መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና ሞት ሊሆን ይችላል። ለሰው የተገዛ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞልም በፍጹም አይሰጥም።

አንድ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ለማባበል መጠጋት አይገባም። ነክሶ ወይም ቧጥጦ ከሆነ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

የተራበን ውሻ በአንድ ቀን ማጥገብ

ይህ በደግነት የሚፈጸም ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ከሁሉ ይከፋል። ለብዙ ቀናት ያልበላ ሰውነት የራሱን ስብና ጡንቻ እያቃጠለ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዝየም ክምችቱ እየመነመነ ይሄዳል። ድንገት ገበቴ ሙሉ እንጀራ ወይም ገንፎ ሲቀርብለት ስኳሩ በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ያፈስሳል፤ ኢንሱሊኑም በደም ውስጥ የቀሩትን እነዚያኑ ጥቂት ማዕድናት ወደ ሴሎች ይነዳቸዋል። ደሙ ከማዕድናቱ ሲራቆት ጡንቻ ይዝላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ምቷ ይዛባል። ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚታይ፣ ባለቤቱ «በልቶ ነበር፤ በድንገት ሞተ» ብሎ ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል።

መጠኑን ለማወቅ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፤ በዚያ ስሌት 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተኝቶ ቢውል እንኳ በቀን 530 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ክፉኛ የተራበ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ከዚህ ሩብ ወይም ሢሶ ብቻ ነው። በማዕድ ቤት ቋንቋ ሲነገር ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ጥቂት ማንኪያ የተቀቀለ ሩዝ ማለት ነው፤ ያውም ለሙሉ ቀን፣ አራት ወይም አምስት ቦታ ተከፍሎ። ለሚያየው ሰው አንጀት የሚበላ ትንሽነት ነው፤ ሆኖም የሚያድነው ይህ ትንሽነት ነው። ዓይነ ምድሩ ካልቀጠነና ካላስመለሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ በሳምንት ገደማ ወደ ሙሉው መጠን ይደረሳል። በእነዚህ ቀናት እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ የመሳሰሉት ከእንጀራና ከገንፎ ይመረጣሉ፤ የደም ስኳርን በአንዴ ሽቅብ አያወጡትም። ከ5 ቀን በላይ ምንም ሳይቀምስ የቆየ ወይም መቆም ያቃተው ውሻ ግን በቤት ውስጥ የሚሞከር ጉዳይ ስላልሆነ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

የማዕድ ትርፍራፊን እንደ ሙሉ ምግብ መቁጠር

ውሻ በየቤቱ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው። እንጀራው በራሱ ጉዳት የለውም። ችግሩ ወጡ ላይ ነው። የሐበሻ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ዶሮ ወጥም፣ ሽሮም፣ ምስር ወጥም የሚጀምሩት ሽንኩርት በማቁላላት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ መቁላላትም ሆነ መድረቅ መርዛማነታቸውን አያጠፋውም። በአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ማድረሱ ይታወቃል፤ ስለዚህ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በግምት ሁለት ሽንኩርት ይበቃል። ከዚያ ያነሰውም በየቀኑ ሲደጋገም ደሙን ቀስ በቀስ ያጎድለዋል፤ በትል ምክንያት ደሙ ለጎደለ ውሻ ደግሞ በቁስል ላይ እንጨት ነው። መፍትሔው ወጡ ሳይሠራ የውሻውን ድርሻ ለይቶ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ ቅመም በትንሽ ድስት መቀቀል ነው።

ጾም ሌላው ፈተና ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚህ ቀናት ከቤት የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ብቻ ስለሚሆን፣ እንደ ምንም ማገገም የጀመረ ውሻ ፋሲካ ሳይደርስ ጡንቻው እንደገና ይሟሽሻል። ውሻ ጾም የለበትም። ሥጋ ቤቶች ቢዘጉም እንቁላል ከገበያ አይጠፋም። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉት ደግሞ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉት የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላትና የጀርባ አጥንት ትልቅ ሀብት ነው፤ ተቀቅሎ፣ ከእሾሁ ላይ ሥጋው በጣት ተለቅሞ ከሩዝ ወይም ከድንች ጋር ሲለወስ ብዙ ውሾች አይጠግቡትም። እስኪለሰልስ ድረስ በደንብ የበሰለ ምስርና የባቄላ ክክም፣ ሽንኩርት እስካልገባበት ድረስ፣ ጉድለቱን በከፊል ይሞላሉ።

የበቆሎ ንፍሮ ለውሻ የሚጣልባቸው ቤቶች አሉ፤ በማግስቱ ዓይነ ምድሩን ያየ ሰው ፍሬው እንደገባ መውጣቱን ያስተውላል። ያው በቆሎ ተፈጭቶ በገንፎ መልክ ሲበስል ግን ይጠቅማል። አተላ አልኮል ስላለበት ለውሻ አይሆንም። የቦካ ሊጥም ክዳኑ በደንብ መዘጋት አለበት፤ በውሻ ሆድ ውስጥ ኩፍ እያለ አልኮል ያመነጫልና።

ጥሬ ሳንባና ጉበት መስጠት

በግ በታረደ ቁጥር ሳንባውን ለውሻ መወርወር የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ ነጫጭ ከረጢቶች ይታያሉ። እነዚህ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል እጮች ናቸው፤ ውሻው በጥሬው ሲበላቸው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሎቹም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥተው በሣር በኩል ወደ በጎች፣ በእጅ በኩል ወደ ሕፃናት ይደርሳሉ። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ከረጢት ያበቅላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ነው። ሳንባ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ ግን ርካሽና ጥሩ ምግብ ነው፤ ተከትፎ ሲቀዘቅዝ ጠንከር ያለው ሽታው ፈሪውን ውሻ እንኳ ከመደበቂያው ይስበዋል። ጉበት ግን ከዕለቱ ምግብ ከአሥር አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰነጠቅ ጫፉ ስለሚሾል ጨርሶ አይሰጥም።

በቅቤና በወተት ለማፋጠን መሞከር

የጎጃም ቅቤ ሰውን እንደሚያፋፋ ሁሉ ውሻንም ያፋፋል ብሎ አንድ ጭልፋ ማፍሰስ ቆሽቱን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ማስመለስና ብርቱ የሆድ ሕመም ይከተላል። ንጥር ቅቤ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ሊኖርበት ይችላል። ወተትም ብዙዎቹን ጎልማሳ ውሾች ያስቀምጣቸዋል። አይብና እርጎ ይሻላሉ፤ በማንኪያ ተጀምሮ ይታያል።

ፍርሃቱን ትቶ ሆዱን ብቻ መመልከት

የሚፈራ ውሻ ሲበላ ልብ ብለው ይመልከቱ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የኋላ እግሮቹን ለመሸሽ እንዳዘጋጀ አንገቱን ብቻ ወደ ሳህኑ ይዘረጋል፤ አንድ ጉርሻ ነጥቆ ይሸሻል፤ በሩ ሲንኳኳ ይጥለዋል፤ ከንፈሩን እየላሰ የዓይኑን ነጭ ያሳያል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰውነት ለመሸሽ እንጂ ለመፍጨት አልተዘጋጀም፤ የጭንቀት ሆርሞኖች የምግብ ፍላጎቱን ይዘጉታል፣ የጨጓራውን ሥራ ያዘገዩታል፣ ትልቁን አንጀት ግን ያጣድፉታል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆዩም ጡንቻውን ያሟሙታል። በቂ ምግብ እየተሰጠው የማይወፍርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ሳህኑ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ፣ ጀርባውን ግድግዳ በሚጠብቅለትና መሸሻ በማያሳጣው ጥግ ይቀመጥ። ዶሮዎችና ሌሎች ውሾች እንዳይደርሱበት ይከለሉ። የሚመግበው ሰው አንድ ቢሆን ይመረጣል፤ እሱም ምግቡን አስቀምጦ ራቅ ይበልና ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ዓይን ለዓይን አይይ፣ እጁንም በራሱ ላይ አይዘርጋ። ውሻው ሳይሸማቀቅ መብላት ሲጀምር ብቻ ርቀቱ በጥቂቱ ይቀነሳል። እየበላ ሳለ ሳህኑን መንጠቅ ወይም «ልማዱን ይተው» ብሎ መምታት ያለፈውን ድካም ሁሉ ያፈርሳል። በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ ፍርሃቱ ይብሳል፤ ግቢው ከታጠረ ቢፈታ፣ ካልሆነም ረዘም ያለ ገመድ ቢደረግለት ይሻላል።

ወቅቱንም ማስላት ይገባል። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ ልጆች ጅራፍ ማጮህ የሚጀምሩት ቀደም ብለው ነው፤ ክረምቱም ነጎድጓድ አያጣውም፤ ተኩስ በሚሰማበት ሰሞን ደግሞ ደኅና የነበረው ውሻ እንኳ ምግብ ይተዋል። በእነዚህ ጊዜያት ዋናውን ምግብ ድምፅ ወደማይበዛበት ማለዳ ማዛወርና ጨለማ ያለ፣ በጭድ የተሞላ መጠለያ ማዘጋጀት ይረዳል። ጅብ በሚዞርበት መንደር ከአጥር ውጭ ብቻውን የሚያድር ከሲታ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ እንዲህ ያለውን ውሻ እስኪያገግም ድረስ ከጥበቃ ሥራ ማሳረፍ፣ ማታ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው የሚበጀው።

በየቀኑ ምግብ መለዋወጥና ማስገደድ

አልበላ ሲል ዛሬ ሥጋ፣ ነገ ወተት፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ማቅረብ አንጀቱን ያውካል። አዲስ ምግብ ከነባሩ ጋር እየተቀላቀለ በሳምንት ውስጥ ይተካ። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ ደግሞ ምግብን ራሱን የፍርሃት ምንጭ ያደርገዋል። ለብ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሽታው ይነሳልና።

ለውጡን በዓይን ብቻ መለካት

በየቀኑ የሚያየው ሰው ለውጡን አያስተውልም፤ ፀጉሩም ያሳስታል። የእህል ሚዛን ያለው ጎረቤት ከሌለ አንድ ክር በቂ ነው፤ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሮ የገጠመበት ላይ ይቋጠራል፤ በየሳምንቱ በዚያው ክር ይለካል። ክሩ ሳይላላ፣ ሳይጠብቅ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይ ምግቡ አንሷል፣ ወይ ትሉ ተመልሷል፣ ወይ ሰላም አጥቷል፤ ሦስቱንም በተራ መፈተሽ ነው። ሲያገግም በየዕለቱ አጭር የእግር ጉዞ ማስለመድ የሚጨመረው ሥጋ ጡንቻ እንዲሆን ያደርጋል። የጎድን አጥንቱ በዓይን መታየቱ ቀርቶ በመዳፍ ሲዳሰስ በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን፣ ከላይ ሲታይም ወገቡ ገባ ማለቱ ሳይጠፋ፣ ምግቡን መጨመር ማቆም ይገባል።