ፕሮግራሚንግ በወረቀት ለምትፈተኑ፦ ኮድን በእጅ እንዴት እንለማመድ?

ይህን ዘዴ የያዝኩት ሀዋሳ ዶርም ውስጥ መብራት በጠፋበት ማታ ነው። የላፕቶፔ ባትሪ አልቋል። ጠዋት የፕሮግራሚንግ ሚድ አለ። የቀረኝ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ መብራት ብቻ ነበር።

እስከዚያ ቀን የማጠናው በላፕቶፕ ብቻ ነበር። ኮድ እጽፋለሁ፣ አስኬደዋለሁ፣ ከተሳሳትኩ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ይነግረኛል። ፈተና ላይ ግን ኮምፓይለር የለም። ለብዙዎቻችን ዶርም ላይ እሺ ያለን ኮድ ወረቀት ላይ እምቢ የሚለን ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አንብባችሁ መልሱን በአማርኛ ጻፉት። ኮድ አይደለም፣ ተራ አማርኛ። ለምሳሌ ጥያቄው ከአንድ አሬይ (በተርታ ከተቀመጡ ቁጥሮች) ውስጥ ትልቁን ቁጥር ፈልጉ ይላል እንበል። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «የመጀመሪያውን ቁጥር ትልቅ ብዬ እይዛለሁ። ከሁለተኛው ጀምሬ አንድ በአንድ አያለሁ። የሚበልጥ ካገኘሁ በያዝኩት ቦታ እተካዋለሁ። ሲያልቅ የያዝኩትን አሳያለሁ።» ዘለው ወደ ኮዱ የሚገቡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን 0 ብለው ይጀምራሉ። ቁጥሮቹ -3፣ -8 እና -1 ቢሆኑስ? ኮዱ 0 ብሎ ይመልሳል፤ 0 ደግሞ ከነጭራሹ አሬዩ ውስጥ የለም።

ከዚያ ኮዱን በእስክሪብቶ ጻፉ። መስመር እየዘለላችሁ ጻፉ፣ የረሳችሁትን የምታስገቡበት ቦታ ይኖራችኋል። ቅንፍ በከፈታችሁ ቁጥር መዝጊያውን ወዲያው ከታች አስቀምጡ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ኮዱን በእጅ ማስኬድ። ይህን ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ የኮድ ክፍል) እዩ፦ ድምር 0 ነው። ቁ የምንለው ቁጥር ከ1 ይነሳል። ቁ < 5 እስከሆነ ድረስ ይዞራል። በየዙሩ ቁ ድምር ላይ ይጨመራል፣ ከዚያ ቁ በ1 ያድጋል። ሁለት ዓምድ አስምሩ፣ ግራው ለቁ፣ ቀኙ ለድምር። ቁ 1 ሲሆን ድምር 1። 2 ሲሆን 3። 3 ሲሆን 6። 4 ሲሆን 10። አሁን ቁ 5 ሆነ። እዚህ ጋ ቁሙ። 5 ከ5 ያንሳል? አያንስም። ሉፑ አለቀ፣ መልሱ 10 ነው። በዓይኑ ብቻ ያነበበ ሰው ግን 5ን ስላየ እሱንም ደምሮ 15 ይላል። ምልክቱ <= ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር።

እኔ ይህን የምለማመደው ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ሳይከር ነው። ላፕቶፕ አልይዝም፣ ስልኬንም ዶርም እተወዋለሁ። አምስት ሉፕ በደንብ ከሠራሁ ይበቃኛል። ልምዱ ለሚድና ለፋይናል ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ባለ ምርጫ ጥያቄ ቢሆንም፣ እዚያም ኮዱን የሚያስኬድላችሁ የለም።

ዶርም ስትመለሱ የጻፋችሁትን እንዳለ ላፕቶፕ ላይ ገልብጡት። እባካችሁ፣ እየገለበጣችሁ አታርሙ። ስህተቱ ከነቦታው ይውጣ። ከዚያ ለስህተት ብቻ በያዛችሁት ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ስህተቱንና ለምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ። እኔ ደብተር ላይ ሦስት ነገሮች ደጋግመው መጥተዋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ክፍልፋዩ ይቆረጣል፣ 7 ለ2 ሲካፈል 3 እንጂ 3.5 አይሆንም። አምስት ቦታ ያለው አሬይ የመጨረሻ ቦታው ቁጥር 4 ነው፣ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር። ሦስተኛው ኢፍ («ይህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) ውስጥ == (እኩል ነው ወይ?) መጻፍ ሲገባ = (ይህን ዋጋ ያዝ) መጻፍ ነው። ይህ ክፉ ስህተት ነው፤ ኮዱ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን የተሳሳተ ይሆናል።

የፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ አትቸክሉ። ያቺን ትንሽ ደብተር አንድ ጊዜ አንብባችሁ ተኙ።

ፈተናው ላይ «ውጤቱ ምንድን ነው» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ዓምዶቹን እዚያው ጥያቄው አጠገብ አስምሩ። ስትጨርሱም አትሰርዟቸው። መልሱ ቢሳሳት እንኳ አካሄዱን አይቶ ከፊል ማርክ የሚሰጥ መምህር አለ።