በመዳብ ተቀርጾ የታተመ አሮጌ ምስል ሲሰቅሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያኮብ ቦሜ በጀርመን ጎርሊትስ ከተማ የኖረ ጫማ ሰፊና የመንፈሳዊ ምሥጢር ጸሐፊ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1575 ተወልዶ በ1624 አረፈ። በ1600 አንድ የቆርቆሮ ሳህን ላይ ያረፈ ብርሃን አይቶ በተመስጦ እንደተነጠቀ ይነገራል። ዘርዓ ያዕቆብ የሰማይ ብርሃን ታየ ብሎ በቆረቆራት ደብረ ብርሃን ይህ ታሪክ ብዙም ባዕድ አይደለም። ውጭ ያለ ዘመድ የእንዲህ ዓይነቱን ሰው በመዳብ የታተመ ምስል ቢልክልዎ መቼም ሳሎን መስቀልዎ አይቀርም።

ጠርዙን አይቁረጡ። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ፍሬሙ ጠበበ ተብሎ ነጩ ዳር በመቀስ ይሄዳል። ቀራጩ መስመሩን በሹል ብረት መዳብ ላይ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ቀለም ይሞላል፣ ፊቱ ይጠረጋል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት በከባድ ማተሚያ ይጫንበታል። ግፊቱ የመዳቡን ጠርዝ ወረቀቱ ላይ አጎድጉዶ ይተወዋል፤ በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። እሱን ቆርጦ መጣል የመዳብ ኅትመት ለመሆኑ ማስረጃውን መጣል ነው። ደቃቆቹ ስሞችም ያሉት ከታች ዳሩ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በግራ የሣዩ፣ በቀኝ የቀራጩ። የቀራጩን ስም የባለ ምስሉ አድርጎ የሚያነብም አይጠፋም።

ላሚኔት ማስደረግ። በቃ፣ አያድርጉት። ሙጫው አንዴ ከወረቀቱ ጋር ከተዋሃደ መመለሻ የለውም። ስኮችም ያው ነው።

ቦታ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ የውጭው ግድግዳ ይረጥባል፤ መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ይሻግታል። በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል የካርቶን ክፈፍ ያስገቡ፣ የውስጥ ግድግዳ ይምረጡ። ከፀሐይና ከዕጣን ጭስም ይራቅ።

ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ጎን መስቀል። ቦሜ ሉተራዊ ነው፤ በ1612 የጻፈውን የመጀመሪያ ሥራውን የገዛ ከተማው ቄስ አውግዞታል። የነፍስ አባትዎ ሲመጡ ማብራሪያ ከሚያበዙ መጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ያድርጉት።

"መልኩ ቁርጥ ይሄ ነው" ማለት። ከተሰራጩት ምስሎቹ ብዙዎቹ ከሞተ በኋላ የተቀረጹ ናቸው። ኅትመት ደግሞ ቀኙን ግራ ያደርጋል።

ሳያዩ መግዛት። በማጉያ መነፅር ይመልከቱት። የመዳብ ሥራ ጥርት ያለ መስመር ነው። በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካዩ የዘመኑ ማሽን ያወጣው ቅጂ ነው። እሱን ላሚኔትም ያስደርጉት፣ መቀስም ይግባው፣ ችግር የለም።